ከመንደርደሪያው አጠገብ ያለ ሣር

ባንኮክ ውስጥ ዶን ሙዌንግ የሚባል የቆየ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት። በሁለቱ መካከል የጎልፍ ሜዳ ተሠርቷል። 18 ቀዳዳ ያለው፣ ሙሉ የጎልፍ ሜዳ። ባለቤቱ የታይላንድ አየር ኃይል ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ቀይ መብራት ይበራል። ተጫዋቹ ዱላውን እንደያዘ ይቆማል። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ጨዋታው ይቀጥላል።

ስለዚህ ሜዳ ካነበብኩ ወዲህ ካርታ በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ ነው። የጎልፍ ሜዳ በሳተላይት ምስል ላይ ቶሎ ይለያል። የሚጠማዘዝ አረንጓዴ፣ መሐል መሐሉ ላይ ነጫጭ የአሸዋ ጉድጓዶች። ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ያ ቀጥ ያለ ግራጫ መስመር። ኡጋንዳ ኢንቴቤ ከተማ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጎልፍ ክለብ አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከዚያ ሩቅ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ፕሬስትዊክ አለ። ኦፕን ሻምፒዮና የሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1860 ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደበት ሜዳ ነው። ዛሬ ጎረቤቱ የፕሬስትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቴክሳስ ያለው የዳላስ ፎርት ዎርዝ ማረፊያ ደግሞ በራሱ ይዞታ ላይ የጎልፍ ሜዳ አለው።

እኛም ጋ አለ። ከሜክሲኮ ተነስታችሁ በሳር ቤት በኩል ትንሽ ብትሄዱ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ትገባላችሁ። ብዙ ሰው ኦልድ ኤርፖርት ነው የሚለው። ኤምባሲዎች፣ ትልልቅ ግቢዎች፣ ከአጥር በላይ ያደጉ ዛፎች ያሉበት ሰፈር ነው። የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብም እዚያው ነው። 9 ቀዳዳ ያለው ሜዳ።

ጎልፍ ተጫዋች አይደለሁም። የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍት መሬት እያለቀ ነው። ክፍት ሆኖ የተገኘውን ደግሞ «ባዶ» ብለን ለመሙላት እንቸኩላለን። ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ሣር ግን ባዶ መሬት አይደለም። ሥራ ላይ ያለ መሬት ነው። ይህን እስክረዳ ድረስ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ከተረዳሁ በኋላ ግን ከተማዬን የማይበት መንገድ ተለውጧል።

ከታሪኩ ልጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነበር፤ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ። አውሮፕላኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሲ-47 ነው። በዚያ ዘመን ቦሌ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ የለም። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ሜዳ ላይ።

ለእነዚያ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ልደታ በቂ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን አልበቃም። አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ሁለት ቦይንግ 720 ጄቶች ተረከበ። ለእነሱ የሚሆን ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። መንገደኛው ወደ ቦሌ ሄደ። ልደታ ለጦሩ ቀረ። አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ የሚባለው ሰፈር ስሙን እንደያዘ ከተማው በዙሪያው አደገ። ያደግኩት እዚያው ልደታ አካባቢ ነው። ልጅ ሆነን ሄሊኮፕተር ሲያልፍ ጫማ ያደረግነውም ባዶ እግራችንን የሆንነውም እየሮጥን እንከተለው ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤታችን መሆኑ ለእኛ የተለመደ ነገር ነው።

ጄት ለምን ረጅም መንደርደሪያ ፈለገ? መልሱ ውስጥ ጎልፍም አለበት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ጥግግቱ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። አውሮፕላንን የሚያነሳው በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ያንኑ ያህል ለመነሳት የበለጠ መፍጠን አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ያለው ጉልበት ግን ያነሰ ነው። ይህን የሚያካክሰው ርዝመት ነው። የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ቆይቷል። ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ከዚህ ከፍታ መነሳት ከባድ ስለሆነ ነው። ዲያስፖራ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን የጉዞ ልዩነት ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጎልፍ ኳስ እንምጣ። አውሮፕላኑን ያስቸገረው ስስ አየር ለኳሱ ደግ ነው። የሚገታው አየር ስለሚያንስ ኳሱ ከባሕር ዳርቻው 10 በመቶ ገደማ የበለጠ ይርቃል። ከሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ ቻፑልቴፔክ የሚባል የጎልፍ ክለብ አለ፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ተካሂደውበታል። እዚያ የሄዱ ባለሙያዎች የለመዱትን ርቀት እንደገና ማስላት ነበረባቸው። ነገሩ ርቀት ብቻም አይደለም። ኳሱ ላይ ያሉት ትናንሽ ጎድጓዳዎች አንዱ ሥራቸው አየሩን ይዘው ኳሱን ማንሳት ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚይዙት ያንሳል። ስለዚህ ኳሱ ይርቃል እንጂ እንደለመደው አይንሳፈፍም፤ አቅጣጫውን ለማጠማዘዝም ያስቸግራል።

ይህን በቃል ከማንበብ በዓይን ማየት ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ የምላቸው የሥራ ባልደረባዬ ኦልድ ኤርፖርት ወሰዱኝ። ጎልፍ የለመዱት ውጭ አገር ለሥራ ሳሉ ነው። ተመልሰው ከመጡ ብዙም አልቆዩም። ካዲው፣ ማለትም ዱላ ተሸካሚው፣ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ቀጭን ልጅ ነው። የዱላውን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ኳሱ ያረፈበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጥቂት ሣር ነጨና ወደ ላይ በተነ። ሣሩ ወዴት እንደወደቀ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ቀዳዳው ላይ የተተከለውን ባንዲራ አየ።

«ጋሼ፣ ሰባት ቁጥሩን ይተዉት። ስምንት ይበቃዎታል።» የዱላው ቁጥር ሲጨምር ኳሱ የሚሄደው ርቀት ያንሳል።

«ርቀቱ እኮ የሰባት ነው» አሉት።

«ልክ ነው፣ የሰባት ነው። እዚህ ግን ይበዛል። እንግዳ ሲመጣ ሁሌ እንዲህ ነው፤ ኳሷ አልፋ ነው የምትሄደው።»

ትንሽ አሰቡና ስምንት ቁጥሩን ተቀበሉት። መቱ። ኳሷ ከፍ ብላ ሄደች። ባንዲራው አጠገብ ወድቃ ሁለቴ ነጠረችና ቆመች። ልጁ ምንም አላለም። ቦርሳውን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ። ኋላ ላይ ሳወራው ሥራውን የጀመረው ከአጥር ውጭ የሚወድቁ ኳሶችን እየለቀመ በመመለስ እንደሆነ ነገረኝ። አሁን ራሱም ይጫወታል። ስለ አየር ጥግግት አላነሳልኝም፤ በእጁ ያለ እውቀት ነው። ቦይንግ ስንት ዓመት ያሰላውን ነገር እሱ በአንድ ጭብጥ ሣርና በአንድ ዱላ ቁጥር ያውቀዋል። እኔ ይህን ልጅ ሳይ ኩራት ነው የተሰማኝ።

እንግዲህ ጎልፍና አውሮፕላን ለምን ተጎራበቱ? ዋናው ምክንያት ማንም ሌላ እዚያ መኖር ስለማይፈልግ፣ ወይም ስለማይፈቀድለት ነው። ከመንደርደሪያ ጫፍ ትይዩ ያለ መሬት ላይ ጩኸቱ ከባድ ነው። ሕፃን የሚያስተኛ ቤት፣ ትምህርት የሚሰጥ ክፍል፣ በሽተኛ የሚያርፍበት ሆስፒታል እዚያ መሆን የለበትም። ከፍታም ይከለከላል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እንደሚለው በትልቅ ማረፊያ ዙሪያ በ4 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር እንደ መሰናክል ይታያል። ጎልፍ ለዚህ ሁሉ ይስማማል። ቁመት የለውም። ብዙ መሬት ይዞ ጥቂት ሰው ያስተናግዳል። 18 ቀዳዳ ያለው ሜዳ ከ50 ሄክታር በላይ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ሰዓት ላይ ግን ሜዳው ላይ የሚገኘው ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ሌላም አለ። ነገር ሲበላሽ የሚያርፉበት ቦታ። መንደርደሪያ ሲያልቅ ወዲያው ግንብ መጀመር የለበትም። ደንቡ ራሱ ከመንደርደሪያው ጫፍ ባሻገር እስከ 240 ሜትር የሚደርስ ነፃ መሬት እንዲኖር ይመክራል። ከዚያም ባሻገር ክፍት መሬት ካለ ለአብራሪ ተስፋ ነው። ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ከሳንታ ሞኒካ ማረፊያ በአንዲት የድሮ ትንሽ አውሮፕላን ተነስቶ ሞተሩ ቆመበት። ዙሪያው ሁሉ ቤት ነው። አጠገቡ ግን ፔንማር የሚባል ባለ 9 ቀዳዳ የጎልፍ ሜዳ ነበር። እዚያ ላይ ወደቀ። ተጎዳ፣ ግን ተረፈ። መሬት ላይ ያለ አንድም ሰው አልሞተም። ያ ሜዳ ቤት ተሠርቶበት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም።

ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ተርንቤሪ አለ። ይህን ታሪክ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ባሕር ዳር ያለ የጎልፍ ሜዳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ጎልፍ ተመለሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ተወሰደ፤ በዚህኛው ኮንክሪት ፈሰሰበት። ብዙዎች አለቀለት ብለው ነበር። ግን ኮንክሪቱ ከሜዳው ላይ ተነሳ፣ አፈር ተመለሰ፣ ሣር ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። በ1977 የኦፕን ሻምፒዮና አስተናገደ። የመንደርደሪያው ቅሪት ዛሬም ከሜዳው ጎን ይታያል። መሬት ሰፊና ክፍት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ማለፍ ይችላል። ፎቅ ከተሠራበት ግን አበቃ፤ ፎቁን አፍርሶ ሣር የዘራ ከተማ ብዙ አላየንም።

እስካሁን ሁሉም መልካም ይመስላል። አሁን ግን ከባዱ ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። ወፍ።

ሣር፣ በተለይ ውሃ የጠጣ አጭር ሣር፣ ወፍ ይጠራል። ኩሬ ሲጨመርበት የበለጠ ይጠራል። ጎልፍ ሜዳ ደግሞ ሁለቱንም ይወዳል። ያን ቅዳሜ ጠዋት እኛ ስንራመድ ፊት ለፊታችን ኢቢስ የሚባሉት ወፎች ተሰማርተው ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ድምፃቸውን ያውቃል፤ ማለዳ በጣራ ላይ እየጮኹ የሚያልፉት ናቸው። ትልልቅ ናቸው፤ ጥቁር፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ያለባቸው። ረጅሙን ቆልማማ መንቁራቸውን ሣሩ ውስጥ እስከ ግማሹ ይሰኩታል፣ ያወጡታል፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይሰኩታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ ወፎች ናቸው። በቅርብ ቆሜ ሳያቸው ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት ግን አንዱ እንኳ ወደ ጄት ሞተር ቢገባ የሚሆነው ታወሰኝ።

ምክንያቱም እኛ ይህን ነገር በወሬ አይደለም የምናውቀው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ርግቦቹ ሁለቱንም ሞተሮች መቱ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ሞከሩ። ሞተሮቹ ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፤ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በሃያ ዓመት ገደማ ልዩነት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2009፣ ኒው ዮርክ ላይ ዝይዎች የአንድ አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች አቆሙና አብራሪው ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ዓለም የሚያወራው ስለዚያኛው ነው። የባሕር ዳሩን ግን እኛ ራሳችን እንኳ ብዙ አናነሳውም። መነሳት አለበት። ከዚያ አውሮፕላን የተረፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ የሞቱትም ቤተሰብ አላቸው።

ስለዚህ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ጎልፍ ሜዳን ወፍ ከሚስቡ ነገሮች መካከል ይቆጥረዋል። ጄት ከሚያስተናግድ ማረፊያ ወፍ የሚስብ ነገር በ10,000 ጫማ፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዲርቅ ይመክራል። አውሮፕላን በሚገባበትና በሚወጣበት አቅጣጫ ደግሞ ከዚያም በላይ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይፈልጋል። ይህ ማለት የጎልፍ ሜዳ ጎረቤትነት በነፃ አይገኝም። ኩሬው መቅረት ወይም መሸፈን አለበት። ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ መቀነስ አለበት። የምግብ ትርፍራፊ ሜዳ ላይ አይጣልም። ሣሩ የሚታጨድበት ቁመት እንኳ ታስቦበት ነው። ሰፈሩም ማገዝ አለበት። ቄራ አካባቢ የሚዞሩትን አሞሮች ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ወፍ የሚሄደው ምግብ ወዳለበት ነው፤ የእኛን አጥር አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው «ታዲያ ለምን ይቀመጣል? ቤት ይሠራበት» ሊል ይችላል። በተለይ ኦልድ ኤርፖርት ላይ፣ ጄት በማያርፍበት ሰፈር። ይህን ከጓደኞቼ ሰምቼዋለሁ። የሚሉትን እረዳለሁ። የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ እናውቃለን። ጥቂት ሰዎች ኳስ የሚመቱበት ሰፊ ግቢ ለብዙ ሰው የማይገባ ነገር ነው። እኔ ግን አልስማማም። ኳስ ስንጫወትበት ያደግነው የልደታ ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ቤት ያገኙትን ሰዎች አልቀየምም። ግን ያ ሜዳ በሌላ ሜዳ አልተተካም። ልጆቹ አሁን የሚጫወቱት በሁለት ብሎክ መካከል፣ በቆሙ መኪናዎች መሐል ነው።

ክፍት መሬት ለከተማ ምን እንደሚሠራ ጃን ሜዳ አሳይቶናል። በየዓመቱ ጥምቀት ይከበርበታል። አገር አቋራጭ ሩጫ ይካሄድበታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራ መጨናነቁን ለመቀነስ ወደዚያ ተዛወረ። ማንም አስቀድሞ ያላሰበው ሥራ ነበር። ሜዳው ክፍት ስለነበረ ብቻ ከተማው ቦታ አገኘ። በኋላ ለጥምቀት ሲባል ገበያው ተነስቶ ሜዳው ጸዳ። ለአንዱ ችግር መድረሻ ሆኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ የተገነባ ከተማ እንዲህ ያለ መተንፈሻ የለውም።

የምጠይቀው አጥሩን ነው። በኦልድ ኤርፖርት ከግንቡ ውጭ ባለው መንገድ ላይ ስሄድ የሚታየኝ ግንብና የዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጅ ወደ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ቦርሳ ተሸካሚ ሆኖ ነው። ይህ መቀየር ይችላል። በሳምንት አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤቶች መክፈት ብዙ አያስወጣም። ከግንቡ ከፊሉን አፍርሶ የሚያሳይ አጥር ማድረግም ይቻላል። ስኮትላንድ ውስጥ ጎልፍ የተወለደበት ሴንት አንድሩስ ላይ አሮጌው ሜዳ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ይዘጋል፤ የከተማው ሰው ከነልጁ ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። የዓለም ስመ ጥሩ ሜዳ ይህን ማድረግ ከቻለ የኛዎቹን የሚከለክላቸው ነገር አይታየኝም።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳበት ምክንያት ቢሾፍቱ ነው። አዲሱ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ይሠራል። በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የማስተናገድ አቅም እንዲኖረው ታስቧል። አራት መንደርደሪያዎች ይኖሩታል። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ስለሆነ አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነት ይዘው መነሳት ይችላሉ። ቦሌ ደግሞ ለአገር ውስጥ በረራ እንደሚቀጥል ተነግሯል። ባንኮክም እንዲሁ ነው ያደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲሱ ማረፊያዋ ሱቫርናቡሚ ሲከፈት ዶን ሙዌንግን ዘጋችው፤ በስድስት ወር ገደማ ግን መልሳ ከፈተችው። ስለዚህ የቦሌ መንደርደሪያዎች ቀርተዋል ብሎ ዙሪያቸውን ለመሙላት መቸኮል አያስፈልግም። በረራው ሲቀንስ ጩኸቱ ይቀንሳል። የመሬቱ ዋጋ ይጨምራል። ፈላጊው ይበዛል። ያኔ የሚወሰነው ውሳኔ የልደታን ዕጣ የሚደግም ወይም የማይደግም ይሆናል።

ቢሾፍቱ ላይ ግን ነገሩ ገና ከጅምሩ ነው። እዚያ ጨለለቃ የሚባለው ውሃ አዘል ሜዳ አለ፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች የሚከርሙበት። ዙሪያውን ሐይቆች አሉ። ሆቴሎች አሉ፤ ማረፊያው ሲከፈት ደግሞ ይበዛሉ። አንዱ ሆቴል መንገደኛ ለመሳብ የጎልፍ ሜዳ ልሥራ ማለቱ አይቀርም፤ ከእነ ኩሬው። ይህ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት መልሱ መጻፍ አለበት። ሣር ይሁን፣ ውሃ ግን አይጠራቀምበት። ክፍት ይሁን፣ ግን አውሮፕላን ከሚገባበት መስመር ይራቅ። ግንብ ሳይሆን የሚያሳይ አጥር ይኑረው። የማረፊያው ፕላን ሲታይ ይህ አብሮ መታየት አለበት፤ ማረፊያው ካለቀ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ከዚያ መሬት የሚነሱ አርሶ አደሮችም አሉ። አድኣ የጤፍ አገር ነው። ማረፊያው ሲከፈት ወፍ የሚከታተሉና የሚያባርሩ ሠራተኞች ይቀጥራል፤ የትም ያለ ትልቅ ማረፊያ ይህ ክፍል አለው። ሥራው ወፉ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚበላ ማወቅ ነው። የአድኣ ልጆች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ይዘው እህል ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፤ የዚያን አገር ወፍ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የቅጥር ማስታወቂያው ሲወጣ መጀመሪያ እነሱ ጋ ይድረስ። ሥልጠናውም ከአሁኑ ይጀመር።